አሥራ ሁለቱ ሰርቨሮች ያላዩት አድራሻ

ጡረታ ውጣ ሲሉኝ እምቢ የምለው ጎበዝ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ያ የጥር ማክሰኞ ትምክህቴን አስተነፈሰው።

ብቻቸውን በሚኖሩ አዛውንቶች ቤት ግድግዳ ላይ ሙቀት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ አለች። ልኬቱ ያለማቋረጥ ወደ መሥሪያ ቤታችን ይፈስሳል፤ አሥራ ሁለት ሰርቨሮች ተካፍለው ያነቡታል፤ ማሞቂያው የጠፋበት ቤት ሲያገኙ ለተረኛዋ ነርስ አለርት፣ ማለትም ማስጠንቀቂያ፣ ይልካሉ። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከተማ ብቻዋን ለምትኖረው ታላቅ እህቴ መሣሪያዋን የሰቀልኩላት እኔው ነኝ፤ ያውም አጣምሜ።

ጠዋት አዲስ ኮድ ለቀቅሁ። ማስጠንቀቂያው የሚላክበትን የነርሷን አድራሻ፣ የሰርቨሮቹን ሥራ በማስነሳበት በራሴ ማሽን ላይ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል፣ ማለትም ፕሮግራሙ ካለበት ማሽን የሚያነበው ቅንብር፣ አድርጌ አስቀመጥኩት። ቫሪያብሉ ከታጣ ደግሞ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ፣ መልእክቱ ማንም ወደማይከፍተው የመሞከሪያ ሳጥን እንዲገባ አደረግሁ። ጥንቃቄ መሆኑ ነው እንግዲህ!

እኩለ ቀን ላይ፣ ከዉድበሪ ከተማ እየተመላለሰች የምትሠራው ባልደረባዬ፣ “ጋሼ፣ ዛሬ አንድም አለርት የለም እኮ” አለችኝ።

“እኔ የነካሁት ነገር እንዲህ ጸጥ ይላል።”

“በዚህ ብርድ? ሰርቨሮቹን ቼክ አድርገዋል?”

አድራሻው ያለው እኔ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ለአሥራ ሁለቱ ማን አስቀመጠላቸው? እያንዳንዳቸው ራሳቸው ላይ ፈልገው፣ አጥተው፣ የሰዉን ብርድ እዚያ ሳጥን ውስጥ ሲከቱ አርፍደዋል።

እህቴ ጋ ደወልኩ። አታነሳም። ደገምኩ። እኔ ስደውል ባልደረባዬ የመሞከሪያ ሳጥኑን ከፈተችው።

“ዘጠኝ ቤት። አንዱ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ...” ፊቴን አይታ አቋረጠች። “ለነርሷ እኔ እደውላለሁ። አድራሻውንም ከሥራው ጋር ለሁሉም ሰርቨሮች አስተላልፈዋለሁ። እርስዎ ይሂዱ!”

መንገዱ በረዶ ነበር። በዚያ ሁሉ መንገድ ለፈጣሪ የተሳልኩትን ስለት ብቆጥረው ሁለት ዕድሜ አይበቃኝም።

እህቴ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ በሩን ከፈተች። “አንተ ቀበጥ! ጓንት አድርጌ ስልኩ እምቢ አለኝ እኮ” አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

ሞተሩ ያልጠፋው መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ እጇን ሳሻሽ ነርሷ ደወለች።

“ሰባቱን በስልክ አግኝቻቸዋለሁ፤ ደኅና ናቸው። ስምንተኛው ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ፤ አይከፈትም።”

ስታንኳኳ በስልኩ ይሰማናል። እህቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ነርሷ ደግማ አንኳኳች። ከዚያ የበር ሰንሰለት ሲፈታ የሚሰማ ድምፅ፣ ቀጥሎም የአንድ ሽማግሌ ቁጣ ሰማን።

በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ስድብ የለም።