ደቻቱ ያመጣው ሥር
በዚያን ዘመን በመጋላ ሰፈር የሚያልፍን ሰው፣ ከአብዲቃድር ሻይ ቤት የሚወጣው የእንጨት ቅቅል ሽታ አፍንጫውን ይይዘው ነበር። አብዲቃድር የደቻቱ ወንዝ በጎርፉ ያመጣውን የዛፍ ሥር ነበር የሚቀቅለው። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የከዚራ ሰፈር ግሪክ የመስታወት ገንዳውን ከነዓሦቹ ሲተውለት፣ «እንጨት ቀቅለህ ጨምርበት፤ ውሃው የሻይ መልክ ሲይዝ ዓሣው ጤና ያገኛል» ብሎታል። ዓሦቹ ግን ከስተው ጥግ ይዘዋል። ሚስቱ ሃሊሞም፣ «እስከ ዓርብ ካልዳኑ ገንዳው የብስኩት ማስቀመጫዬ ነው» ብላለች።

ሐሙስ ዕለት ሥሩን ገንዳው ውስጥ አጋድሞ፣ የተቀቀለበትን ውሃ እስኪበርድ በበራድ አስቀመጠው። ባቡር ነጂው ዓደን ገባና እንደ ደንበኝነቱ ከበራዱ ራሱ ቀድቶ፣ ስኳር ደርቦ ጠጣ። ሻይን በምላሴ እለያለሁ ባይ ነው።

«ወላሂ አቦ፣ ዛሬ ገና ሻይ አፈላህ።»

አብዲቃድር በራዱን አንሥቶ የቀረውን ገንዳው ውስጥ አንቆረቆረው። ውሃው ቀላ። ዓሦቹም አንድ በአንድ ከጥጋቸው ወጥተው በሥሩ ዙሪያ ይሯሯጡ ጀመር።

«ብስኩቱ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ» አለች ሃሊሞ፣ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፍና፤ «እነሱም ሻዩን ወደዱት።»

ዓደን ገንዳውን አየ፤ ብርጭቆውን አየ፤ ቆቡን አጠለቀና ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ።