ከስለት የተገዛው የመሪ ሳጥን

የተቃጠለ የመኪና ግራሶ ሽታ አፍንጫዬ በደረሰ ቁጥር ላሊበላ የነበረው ግቢያችን ይመጣብኛል፣ ከነቆመችው መኪናችን። ያ የመሪ ሳጥን ቤታችንን አንዲት በቅሎ አስወጥቶታል፤ ከወጪው ሁሉ ርካሿ እሷ ነበረች።

በደርግ ዘመን አባቴ ሞተሯ ከአንዱ፣ አካሏ ከሌላው የተገጣጠመ አንዲት አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ነበረችው፤ ከፍላቂት ገብስ እያመጣባት፣ ጨውና ሳሙና እየመለሰባት ያሳድረን ነበር። መሪው ሲዞር ጎማውን የሚያዞረው ባለጥርስ ሳጥን ተሰብሮ መኪናዋ ስትቆም ጋቢናውን ዶሮዎች ወረሱት፤ እኛም ተዘጋን። ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማው መውጣት አይቻልም ነበር፣ የወልድያው መንገድ ሳምንት ቢከፈት ወር ይዘጋ ነበር፣ ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ደግሞ ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ፣ ከደጅ ብቅ ባለ ቁጥር እናቴ ትንፋሿን ትይዝ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ለአባቴ አንድ ቃል ሰጥቶት ነበር፤ መኪናዋ ተነሥታ የቀበሌውን ስኳር ካመላለሰች ይርጋ ረዳት ተብሎ ይመዘገባል፣ ረዳት ደግሞ አይዘምትም።

ኅዳር ላይ ለነአኩቶ ለአብ ንግሥ ወርደን፣ እንደ ልማዱ ሰው በስለት ያስገባው ዕቃ ለጨረታ ሲቀርብ፣ ከጃንጥላውና ከመጋረጃው መካከል አንድ ጥቁር የመሪ ሳጥን ወጣ። ማን እንዳስገባው፣ ከምን መኪና እንደተፈታ የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ገበያ ላይ ዶሮ እንኳ ሲገዛ ክንፏን ገልጦ፣ እግሯን ጠምዝዞ፣ ባለቤቷን አማርሮ የሚገዛ ሰው ነበር፤ የታቦትን ዕቃ በሕዝብ ፊት እያገላበጡ መመርመር ግን ነውር ነው። ስለዚህ ሳይነካው አሸነፈ። በቅሎዋን ሸጦ ከፈለ፣ ካህናቱ መረቁት፣ ሴቶቹ እልል አሉለት። አልሆነኝም ተብሎ የማይመለስበት ሱቅ ያ ብቻ ነው።

ጥር ላይ ገጠመው። ሳጥኑ ልክክ ብሎ ገባ፣ አባቴም ደስ ብሎት ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን ወደ ግቢው በር ሲያዞር፣ መኪናዋ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች። ቀኝ ሲላት ግራ፣ ግራ ሲላት ቀኝ። ሰይድ የሚባል የፍላቂት ነባር ሾፌር፣ የአባቴ ወዳጅ፣ በዚያ ሰሞን ከተማችን መጥቶ ስለነበር ከሥሯ ገብቶ ሲመረምር ቆየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«አያ መኮንን፣ ይኼ መሪያቸው በቀኝ ከሆነው ከእንግሊዞቹ መኪና የተፈታ ነው። መሪዋ በግራ በሆነው ባንተዋ ላይ ሁሉን ይገለብጠዋል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሌላ ሳጥን። እሱ ያለው ደሴ ነው፣ የደሴ መንገድ ደግሞ ዝግ ነው። እስኪከፈት አንተው ተገልበጥ።»

አባቴ መገልበጥ አልቻለም። ዐቢይ ጾምን ሙሉ ሲሞክር እጁ የለመደውን አልረሳ እያለው አጥራችንን ጨረሰው። ይርጋ ግን መሪ ጨብጦ ስለማያውቅ የሚረሳው ነገር አልነበረውም፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ «ገደል መጣ፣ ወደ ገደሉ አዙር» እያልኩ ስጮህለት ቆይቶ፣ ከፋሲካ በኋላ መኪናዋን እንደ ልቡ ይነዳት ጀመር። በወረቀት ሾፌሩ አባቴ፣ ረዳቱ ይርጋ ነበር፤ በመንገድ ግን ተቃራኒው ነው። ስኳሩ መጣ፣ ሊቀ መንበሩ ቃሉን ጠበቀ፣ እናቴም ተነፈሰች።

ሰኔ ሲገባ በአንድ መቶ አለቃ የሚመራ ጦር መኪና ሊሰበስብ መጣ። ወታደር ሾፌር አስነሥቶ ከግቢው ሳያስወጣት ቦይ ውስጥ ከተታት፤ ገፍተው አወጧት፣ ሌላው ሞከረ፣ እሱም እዚያው ከተታት። መቶ አለቃው ሊተዋት ሲል ሊቀ መንበሩ፣ ክፋት ይሁን ደግነት እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ የጋሽ መኮንን ልጅ አሳምሮ እንደሚነዳት ነገረው።

አባቴ ከመቶ አለቃው ፊት ቆመ። «ሾፌሯ እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን እይ» አለውና ጋቢና ገባ። የግቢው በር ሰፊ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፣ ተገልበጥ ተገልበጥ እያለ ይመስለኛል፤ እጁ ግን የለመደውን አዞረና መኪናዋን ከበሩ ግንብ አላተማት።

መቶ አለቃው አልተቆጣም። «ይውረዱ፣ አባት» አለው።

ይርጋ ገባ። ሆን ብሎ ቢያጋጫት ኖሮ እላለሁ፤ ግን ክላሽ የያዘ ወታደር አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። መሪውን ወደ ግንቡ አዞረ፣ መኪናዋም በበሩ መካከል ቀጥ ብላ ወጣች።

ዛሬ ወልድያ የመኪና ዕቃ እነግዳለሁ። ደህና ጊዜ ሲሆን ከላሊበላ ወልድያ ሚኒባሱ ሲመላለስ ይውላል፣ ይለፍ የሚጠይቅ የለም፣ ልጆቼ ግማሽ ሰዓት ዘገየ ብለው ያማርራሉ። ያን ጊዜ መውጫ ነበር ያጣነው፤ አሁን መንገዱ ተከፍቶ የምንጠብቀው ሰው አልመጣበትም።

ከግቢያችን አንድ መኪናና አንድ ልጅ ወጡ። የተመለሰ የለም።