ሀብተማርያም ዶክን ሹት ሊያደርግ ነው

ሀብተማርያም በዕድሜው ሙሉ አንድም ነገር ራሱ መርጦ አያውቅም። ላማው ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስታትስቲክስ ብለው መደቡት፤ ስታትስቲክስ ተማረ። ሚስቱን ስሂንን እናቱ አዩለት። ዲቪውን የስሂን ወንድም ሞላለት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን አፓርትመንት ስሂን አየችለት። ምግብ ቤት ስንገባ እንኳ ሜኑውን ገልብጦ ያስቀምጥና «ለሱ የምታመጪውን ለኔም» ብሎ ወደኔ ይጠቁማል።

እኔ ዶክ እባላለሁ። ሐኪም አይደለሁም። አገር ቤት የከብት ክትባት እሰጥ ነበር፤ አሁን የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ እየኖርኩ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ሐበሻ ግን አንዴ ዶክ ካለህ ዶክ ነህ። እኔም ደስ ስለሚለኝ አላረምኩም።

አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ጨዋታ ደራና «ሀብቴ ራሱ መርጦ የያዘው ነገር ቢኖር ጉንፋን ነው» አልኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሀብቴም ሳቀ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ሰውዬው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ካልገዛሁ ብሎ ተነሳ።

ንጉሡ የሚባል ጀልባ ያለው ጓደኛችን ክራፒ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ አስለምዶታል። ክራፒ ጥላ ወዳድ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨት መድረክ ሥር ይደበቃል። መድረኩን እዚህ ዶክ ይሉታል። እዚያ ሥር ያለን ዓሣ በተለመደው አወራወር አታገኘውም። ጂግ የምትባል፣ የእርሳስ ራስና የላባ ጅራት ያላት ትንሽ መንጠቆ አለች። እሷን በሁለት ጣት ይዘህ ወደ ኋላ ትስባለህ፤ ዘንጉ እንደ ቀስት ይለመጣል፤ ስትለቃት ውሃውን ታክካ ዶኩ ሥር ትገባለች። እንደ መተኮስ ስለሆነ ይኼ ሹት ማድረግ ይባላል። ዋናው ነገር ዘንጉ ነው። አጭሩ ለጠባብ ቦታ ይመቻል፣ ግን ጉልበት ያንሰዋል። ረጅሙ ጉልበት አለው፣ ግን ጫፉ ውሃ ይመታል። በጣም ልፍስፍስ ከሆነ ደግሞ ጂጓ የምትሄደው ራሷ ወዳሰበችበት ነው።

ይኼን ሁሉ እኔም ስሂንም ያወቅነው በኋላ ነው። እንግዲህ ሀብቴ ለንጉሡ ደውሎ ያማክራል። ስሂን ልብስ እያጣጠፈች በበሩ ክፍተት ትሰማለች።

«ዶክን ሹት ለማድረግ አጭሩ አይሻልም? ... አዎ፣ ረጅሙ ያስቸግራል ... ዝቅ ብዬ፣ ቀረብ ብዬ፣ ድምፅ ሳላሰማ ነዋ ... በቃ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሌክሳንድሪያ።»

ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«ዶክ፣ የት ነህ?» አለችኝ ስሂን በሹክሹክታ።

«ቤቴ ነኝ። ምነው?»

«በሩን ቆልፍ። ሀብቴ ሽጉጥ እየመረጠ ነው።»

መሳቅ ነበረብኝ። ግን ያቺ የጉንፋን ቀልድ ትዝ አለችኝና ሄጄ ቆለፍኩ።

ስሂን ቀጥላ የደወለችው ለጋሽ ከፈለ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ፌርፋክስ ያልታረቀ ባልና ሚስት ካለ ጋሽ ከፈለ አልሰሙም ማለት ነው። በማግሥቱ ማታ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ስሂንንና ሀብቴን መኪና ውስጥ ጭነው ቤቴ ከች አሉ። ሀብቴ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀም። ና ሲሉት መጣ።

ጋሽ ከፈለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ሀብተማርያም፣ ሰይጣን ያሳስታል። ግን ዶክን ሹት አደርጋለሁ ብለህ ቆርጠሃል አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ» አለ ሀብቴ። «ቅዳሜ ነው። ይመጣሉ እንዴ?»

ስሂን እሪ አለች። እኔ ከሶፋው ወደ በሩ ጠጋ አልኩ።

«ምን አደረገህ?» አሉ ጋሽ ከፈለ።

«ማን?»

«ዶክ ነዋ!»

ሀብቴ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ መጨረሻ ላይ ገባው። «ጣውላውን እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጀልባ የሚታሰርበትን ጣውላ!» ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። አንድ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ ዘንጉን ለምጦ ጂጓን ሲለቃት፣ ከዶኩ ሥር ዓሣ ሲያወጣ አየን። ስሂን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ጋሽ ከፈለ ብቻ አልሳቁም።

«ያን ሁሉ የቤልትዌይ አውራ ጎዳና ትራፊክ ተቋቁመን የመጣነው ለሳቅ አይደለም» አሉ። «ሽማግሌ ከተቀመጠ ሳያስታርቅ አይነሳም። በሉ፣ በደሉን አውጡ።»

«በደል የለም ጋሼ» አልኩ።

«አይጠፋም። ፈልጉ።»

ከዚያ ሀብቴ መሬት መሬት እያየ «ጉንፋን ያልከኝ ነገር» አለ። «እዚያው ስቄያለሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አልሳቅኩም። የመረጥኩትን ነገር ባስብ ባስብ አጣሁ። እስኪ አንድ ዘንግ እንኳ ራሴ ልምረጥ ብዬ ነው።»

በጣም አፈርኩ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ በደሉን ሲሰሙ ጋሽ ከፈለ ደስ ብሏቸው መዳፋቸውን ማፋተጋቸው ነው።

በወጉ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ሥር መውደቅ ነበረብኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል? የልጄ የስፖርት ብረት፣ ዳምቤሉ መጣ። ማጅራቴ ላይ ጭነውልኝ ጎንበስ ስል ወገቤን ያዘኝ። ሀብቴ «ይቅር ብያለሁ፣ ኧረ አውርዱለት!» ብሎ ራሱ አነሳልኝ። ተቃቀፍን። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ጋሽ ከፈለ ግን እጃቸውን አነሱ።

«የዘንጉንም ነገር እንጨርሰው። አጭሩም ጎዶሎ ነው፣ ረጅሙም ትርፍ ነው። መካከለኛውን ይግዛ ብለናል።»

«አሜን» አሉ ሁሉም። ሀብቴም አሜን አለ፤ ፊቱ ግን ጠቁሮ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ አብሬው ሄድኩ። መካከለኛውን ዘንግ አንስቶ ነቅነቅ አደረገው። ጫፉ ለመጥ ብሎ ወዲያው ቀጥ አለ።

«ይኼ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሽማግሌ ሳይመጣ መርጬው ነበር።»

«ታዲያ ግዛዋ።»

«አሁንማ የጋሽ ከፈለ ሆነ።» እንደ ታቦት በጥንቃቄ ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ የልጆች ዕቃ ወዳለበት ጥግ ሄዶ፣ ሮዝ ቀለም ያለው፣ እጀታው ላይ የምትስቅ ዳክዬ የተሣለችበት ዘንግ ይዞ መጣ።

«ሀብቴ፣ ይኼ የሕፃን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ይለመጣል እንጂ አይመለስም!»

«አውቃለሁ አልኩህ። ይኼን ማንም አይመርጥልኝም ነበር።»

ውሃው ዳር ስንደርስ፣ ጀልባ ስለምፈራ እኔ ዶኩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሀብቴና ንጉሡ ከታች በጀልባ ተጠጉ። ሀብቴ ተንበረከከ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ጂጓን ወደ ኋላ ሳበ። ዳክዬዋ ያለችበት ዘንግ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ጎበጠ። ለቀቃት። ጂጓ ወደ ዶኩ ሥር መግባት ትታ ወደ ላይ ተነሳችና ሹራቤ ላይ፣ ልክ ደረቴ ላይ ተሰካች።

ንጉሡ ጀልባው ውስጥ በሳቅ ተንከባለለ። በዚያው ቅጽበት የሀብቴ ስልክ ጮኸ፤ ስሂን ናት። ስፒከር ላይ አደረጋት።

«እንዴት ሆናችሁ?»

«ዶክን ሹት አደረግኩት» አለ።

«የማይረባ ዘንግ!» ብዬ ጮህኩ ከላይ፣ መንጠቆዋን ከሹራቤ እየነቀልኩ።

ሀብቴ ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«አዎ፣ አይረባም» አለ። «ስሂን፣ ትሰሚያለሽ? አይረባም። ራሴ ነኝ የመረጥኩት።»