ኤብያን ለጠላቷ የመሰከረች ዕለት

ኤብያንን የሚወዳት ሰው ጥቂት ነው። እኔ ከጥቂቶቹ አንዷ ነኝ፤ ምላሷን ግን እኔም አልወደውም። በአሥራ አራት ዓመቷ ኪስማዮ ገበያ ላይ ጨርቅ ስትሸጥ የተሳለ ምላስ ነው። ናይሮቢን አልፎ እዚህ ሰሜን ኖርዌይ ባሕር ዳር ድረስ ሲመጣ ብርዱ እንኳ አላደነዘዘውም። ባሏ ዋና ከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ በሁለት ወር አንዴ ብቅ ይላል። አምስቱን ልጆች የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ቁመቷ ረጅም ስለሆነ በየበሩ ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው፤ ጉበኑ ባይነካትም።

የኖርዌይኛ ፊደል የቆጠርነው አብረን ነው፣ እኔ በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ እሷ በሠላሳ ስድስት። ስደተኞች ስለሆንን መንግሥት ለተማርንበት ቀን ይከፍለናል። ከፊታችን ለምትቀመጠው ለዋንዲ ግን አይከፈላትም ነበር። ዋንዲ ታይላንዳዊት ናት። የመጣችው አርንፊን የሚባል ጡረታ የወጣ የመርከብ መካኒክ አግብታ ነው። ከንጋት ጀምራ ፋብሪካ ዓሣ ስትቆርጥ ውላ ነው ክፍል የምትገባው። ገና ከበሩ ስትታይ ኤብያን በሻርፗ አፍንጫዋን ትይዛለች።

«የኔ እጅ ይሸታል» አለቻት አንድ ቀን ዋንዲ፣ ዞር ብላ። «ያንቺ አይሸትም። ሥራ ያልነካ እጅ ምን ሽታ አለው?»

«አንቺን ባልሽ ከነቤቱ ከነጀልባው ጠብቆሻል። እኔ የመጣሁት ባዶ እጄን ነው፣ ለዚያውም ልጅ አዝዬ።»

«ባዶ እጅሽንማ እስካሁን ይዘሽዋል!»

መምህርታችን ቶርዲስ ጠረጴዛውን በእርሳስ ባትመታ ኖሮ ፀጉር ለፀጉር ይያያዙ ነበር። ዓይንና ናጫ ነበሩ።

የባሰው ደግሞ ጎረቤታሞች መሆናቸው ነው። እኔ ግቢውን ተሻግሬ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። እነሱ ግን በአንድ ደረጃ የሚወጡ የሚወርዱ ናቸው። ኤብያን ከምድር ቤት፣ አርንፊንና ዋንዲ ከሷ በላይ፣ ከነሱ በላይ ጆሮዋ የማይሰማ አንዲት መበለት፣ ጫፉ ላይ ዓመቱን ሙሉ ባሕር ላይ የሚውል አንድ ዓሣ አጥማጅ። ደረጃውን በየተራ ያጥባሉ። መዳፍ የምታህል ክር ያላት እንጨት አለች፤ በርሽ ላይ ከተሰቀለች ሳምንቱ ያንቺ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አጥበሽ ስትጨርሺ ወስደሽ በሚቀጥለው ሰው በር ላይ ትሰቅያታለሽ። የአራቱ ቤት ተራ ከነቀኑ የተጻፈበት ወረቀትም ከታች መግቢያው ላይ ተለጥፏል። ከኤብያን ቀጥሎ የዋንዲ ተራ ነው። ዋንዲ ጥግ ጥጉን በጣቷ ፈትጋ፣ አቧራ ካገኘች እንጨቷን መልሳ የኤብያን በር ላይ ትሰቅላታለች። ኤብያን ደግሞ ትመልሳታለች። አንድ ቅዳሜ አራት ጊዜ ስትመላለስ በመስኮቴ አይቻለሁ።

ያ የጋዜጣ ገጽ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቶርዲስ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቁጥር እንድናነብ ብላ ነው ያመጣችው። ከየአገሩ የመጣው ሰው በጎን በጎኑ በቋሚ መስመር ተሥሏል፤ ማን ሥራ አለው፣ ማን ከመንግሥት ይረዳል፣ የማን ልጅ ትምህርቱን ጨረሰ። የታይላንዶች መስመር ረጅም፣ የኛ የሶማሌዎች አጭር።

«ኤብያን፣ ምን ይታይሻል?» አለች ቶርዲስ።

«አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሰው።»

«ረጅሟ እኔ ነኝ» አለች ዋንዲ፣ እየሳቀች።

«አንቺ? ወንበር ላይ ቆመሽ እንኳ ወገቤ ጋ አትደርሺም!»

ክፍሉ ሳቀ። ኤብያን ግን አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕድሜ ልኳን አጭር ተብላ የማታውቅ ሴት፣ በዳቦ ሱቁም፣ በልጆቿ ትምህርት ቤትም፣ ሰው ባያት ቁጥር ያንን መስመር እያሰበ የሚለካት ይመስላት ጀመር። «ኤዶ» ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ «የፋብሪካው አለቃ እንኳ ሥራ ስጠይቀው፣ ‹እንደ ታይላንዶቹ ፈጣን ነሽ?› አለኝ። ስሜን ሳይጠይቅ!»

ጥቅምት ላይ፣ ኤብያን ደረጃውን እየወለወለች እንጨቷን ልትሰቅል ስትወጣ፣ ዋንዲ ከበሯ ፊት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ጫማ የላትም። ካልሲዋ ረጥቧል። በሩ ተቆልፏል፤ አርንፊን ከውስጥ በፖስታ ማስገቢያው ቀዳዳ ይሰድባታል።

ኤብያን ምን እንዳለቻት ራሷ ናት የነገረችኝ። «‹እግርሽን አንሺ፣ ልወልውልበት› አልኳት።»

«ሌላ ምንም አላልሽም?»

«ምን ልበላት? አነሳች፣ ወለወልኩ።»

በኅዳር፣ እንደገና ተራዋ ሲደርስ፣ ያው በር ተከፍቶ ዋንዲ በፀጉሯ ተይዛ ስትወጣ አየች። አርንፊንም ኤብያንን አያት። «አንቺ ምን ታያለሽ?» ብሎ በሩን ዘጋው። በታኅሣሥ ደግሞ ዋንዲ እንደገና ያለ ጫማ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ የግራ እጇ አብጦ ሰማያዊ ሆኗል። ኤብያን ያን ዕለት ባልዲውን አስቀምጣ የራሷን ጫማ አውልቃ ሰጠቻት። ጫማው ለዋንዲ ጀልባ ሆነባት፤ እየጎተተችው ሄደች። የተደበደቡ ሴቶች የሚጠለሉበት ቤት የገባችው ያን ቀን ነው። እጇ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

አርንፊን ፈጠነ። ጋብቻው አብቅቷል ብሎ የውጭ ሰው ፈቃድ ለሚያየው ለፖሊስ ጻፈ። በባል የመጣች ሴት ሦስት ዓመት ካልሞላት የመኖሪያ ፈቃዷ ከጋብቻዋ ጋር ይሞታል። ዋንዲ ሁለት ወር ይቀራት ነበር። መቅረት የምትችለው በትዳሯ ውስጥ መበደሏን ካረጋገጠች ብቻ ነው። አርንፊን በረዶ አዳልጧት ወደቀች አለ። መበለቲቱ አትሰማም፣ ዓሣ አጥማጁ ባሕር ላይ ነው። ያየ ሰው አንድ ነው፤ እሱም ኤብያን።

የዋንዲ ጠበቃ የኤብያንን በር ባንኳኳች ማግስት አርንፊንም አንኳኳ። ድምፁን አላነሳም። «አምስት ልጅ አለሽ፣ ባልሽ የለም» አላት። «የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ስልክ አለኝ። ጩኸት ይሰማል ብዬ መናገር ነው።»

የሕፃናት ጥበቃ ልጅን ከእናቱ የመውሰድ ሥልጣን አለው። ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ሴቶች ወሬ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ እውነቱና ውሸቱ አይለይም፣ ፍርሃቱ ግን አንድ ነው። እኔም ፈራሁላት። ቤቷ የሄድኩት፣ እውነቱን ልናገር፣ ይቅርብሽ ልላት ነበር። የልጇን ሹራብ ስትጠግን አገኘኋት።

«ትመሰክሪያለሽ?»

«እመሰክራለሁ።»

«ለዚያች ለምትጠዪያት?»

«ኤዶ፣ ተቀመጪና ስሚኝ። ያ የጋዜጣ መስመር እንቅልፍ ነስቶኛል፤ አሁን ገባኝ። እኛን ማን ይመልሰናል? አገራችን እሳት ነው። የቆመውም የወደቀውም እዚሁ ነን፣ ሁላችንም እንቆጠራለን። በሽተኛችን ይቆጠራል፣ ትናንት የገባው ይቆጠራል። ከታይላንዶቹ ውስጥ የወደቀችው ግን አውሮፕላን ላይ ትጫናለች! የምትቆጠረው የቆመችው ብቻ ናት። እንዲህማ ከሆነ እኔም ከልጆቼ ጎበዙን ብቻ አስቀርቼ ሌሎቹን አያታቸው ጋ ብልክ፣ የኤብያን ልጆች ሁሉ ጎበዝ ናቸው ይባልልኛል።»

«እና ከምስክርነቱ ጋር ምን አገናኘው?»

«እናማ ትቀራለች! ባል የላት፣ ቤት የላት፣ ባንድ እጇ ዓሣ አትቆርጥ። እዚሁ ተቀምጣ እንደኔ ትቆጠር! ያ ረጅም መስመራቸው አንድ ጣት ዝቅ ሲል ካላየሁ ኤብያን አይደለሁም።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም፤ መርፌው ሦስት ጊዜ ወግቷት ጣቷን እየመጠጠች ነበር። ይቅርብሽ የሚለውን ቃል ዋጥኩት።

ጥር ላይ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት አብሬያት ገባሁ። የተቀበለን ሰውዬ ወጣት ነው፤ ፊቱ እንደ ታጠበ ሳህን ምንም አይነበብበትም። አስተርጓሚ በስልክ ላገናኝሽ ቢላት፣ «የኔን ነገር ሌላ ሰው አያጣፍጠውም» ብላ በተሰባበረ ኖርዌይኛዋ ተናገረች። ሰውዬው አቋረጣት።

«የልጆችሽን የልደት ቀን እንኳ ከወረቀት አይተሽ ነው የነገርሽኝ። የነዚህን ሦስት ቅዳሜዎች ቀን እንዴት አወቅሽ?»

ኤብያን ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችለት። ከመግቢያው ላይ ገንጥላ ያመጣችው የደረጃ እጥበት ተራ ነው። «ስሜ የተጻፈበትን እይ። እዚያ በር ድረስ የምወጣው ተራዬ ሲደርስ ብቻ ነው። ጥቅምት አንዴ፣ ኅዳር አንዴ፣ ታኅሣሥ አንዴ። በሌላ ቀን ያንን በር ለማየት እንኳ አልፈልግም።»

«ለምን?»

«ሰዎቹን አልወዳቸውም።»

«ዋንዲ ጓደኛሽ አይደለችም?»

«ጓደኛ? እሷ? አላህ ይጠብቀኝ! ትምህርት ቤት ሰነፍ ብላ ሰድባኛለች። ያጠብኩትን ደረጃ ቆሻሻ ብላ እንጨቷን መልሳብኛለች። ምግቧ ደረጃውን ሙሉ ያስነጥሳል። ኩሩ ናት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ደህና አደርሽ አላለችኝም። ይህንንም ጻፈው።»

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ስላየሁ ነዋ!» አለች፣ የተናቀች ያህል ተቆጥታ። «በፀጉሯ ይዞ ሲያወጣት አይቻለሁ። እጇ በረዶ ላይ አልተሰበረም፤ ያን ቀን ውጭ እንኳ አልወጣችም፤ ጫማ አልነበራትም፣ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷን ስለምጠላ ያላየሁትን አላልም፣ እሷን ስለምጠላ ያየሁትን አልደብቅም።»

ቃል በቃል ጻፈው። በኋላ የዋንዲ ጠበቃ እንደነገረችኝ፣ ከወረቀቱ ሁሉ የከበደው ይህ ነው። የወዳጅ ምስክርነት ብዙ ጊዜ ይቀርብላቸዋል፤ ተበዳይዋን በያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እየሰደበ የሚመሰክር ግን አጋጥሟቸው አያውቅም።

አርንፊን የዛተውን አደረገ። የሕፃናት ጥበቃ ሁለት ሴቶች መጡ። ማቀዝቀዣውን ከፈቱ፣ አልጋ ቆጠሩ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ለብቻ አነጋገሩ። ሄደው እንደገና መጡ። ሦስት ወር ኤብያን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ልጆቿን መጥራት ተወች፤ ያ ሁሉ ምላስ በገዛ ቤቱ በሹክሹክታ ተናገረ። ቀሚሷ ሰፋት። ቅዳሜ ደረጃውን ስታጥብ አርንፊን በጫማው በረዶ ይዞ ያልፍባታል። ማታ ማታ እኔ ጋ መጥታ ዋንዲን ትረግማለች። «ምን ነበረበት ሌላ ሕንፃ ቢያገባት! ምን ነበረበት ሌላ ሰው በር ላይ ብትደበደብ!» እላታለሁ፣ ዝም በይ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው፣ ማንም አይነካቸውም። እኔም አላምንበትም ነበር፤ ግን ሌላ ምን ይባላል?

ሚያዝያ ላይ የዋንዲ ፈቃድ በራሷ ስም መጣ። ከአሥር ቀን በኋላ ከሕፃናት ጥበቃ ደብዳቤ ደረሰ፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። ኤብያን ደብዳቤውን ማንም ሳያግዛት አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥታ የትልቁን ልጇን ስም ጮኻ ጠራች፤ ግቢውን ሁሉ አሰማች።

በዚያው ሳምንት ዋንዲ ድስት በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ከሳስታለች፣ ግራ እጇ ገና በደንብ አይታጠፍም። በሩን ስትከፍት ኤብያን እዚያው ጉበኑ ሥር ቆመች፣ ግቢ አላለቻትም። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ሾርባ።»

«አሳማ አለበት?»

«የዓሣ ራስ ነው። ያሳማ ሥጋ የነካው ድስትም አይደለም፣ አዲስ ነው።» ድስቱን እንደያዘች፣ «ልጆችሽን ሊወስዱብሽ እንደነበር አሁን ነው የሰማሁት» አለች።

«የማን ስንፍና ነው፣ ሦስት ዓመት እስኪሞላሽ መታገሥ ያቃተሽ?»

ዋንዲ ፊቷ ተለዋወጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ተነሳሁ። «ያን ጀልባ የሚያህል ጫማ ማን ስጪኝ አለሽ? ባዶ እግሬን ብሆን እታገሥ ነበር» አለች፣ ድስቱን አስታቅፋት ዞረች።

ኤብያን በሩን በእግሯ ዘጋችው። ድስቱን ስትከፍተው አስነጠሳት። ልጆቹ ከየክፍሉ መጡ። ትንሿ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ጮኸች፤ ሌላው ዓይኑ በእንባ ሞላ፣ ማንኪያውን ግን መልሶ ከተተው።

ኤብያን በረንዳው ላይ ዘልላ ወጣች። «አንቺ! ልጆቼን ልትፈጂ ነው? ይህ ሾርባ ነው ወይስ እሳት?»

ዋንዲ መኪና ማቆሚያው መሐል ደርሳ ነበር። ሳትዞር፣ ደህናውን እጇን ወደ ላይ አወጣች።

«ወተት ስጪያቸው፣ መሃይም!»