አራት ደቂቃ ወደኋላ የቀረው ሰርቨር

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ሁለት ሰዎች አንድ ወንበር ላይ ተፋጠጡ። አንዷ ለሥልጠና የምትሄድ ነርስ ናት። ሌላው ከቤተ ልሔም የመጡ የዜማ መምህር ናቸው። የሁለቱም ስልክ «ወንበር ቁጥር አራት» ይላል።

እኔ ስድስት ቁጥር ላይ አንገቴን ቀብሬ ተቀምጫለሁ። ትኬቱ የሚቆረጥበትን ፕሮግራም የሠራነው እኔና ሁለት ጓደኞቼ ነን።

«የኔታ፣ እኔ ትናንት አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ነው የቆረጥኩት» አለች ነርሷ።

«የእኔ አሥር ሰዓት ከስምንት ይላል» አሉና ስልካቸውን አቀረቡላት። ወዲያው ግን ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «ቆይ እስቲ። ስቆርጥ የእጅ ሰዓቴን አይቻለሁ፤ አሥር ከአሥራ ሁለት ነበር። ይሄ ምን ነካው?»

አራት ደቂቃ! ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። ፕሮግራማችን የሚሠራው ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በተከራየናቸው ሦስት ሰርቨር የሚባሉ ኮምፒውተሮች ነው። ሦስቱም ከአንድ ምንጭ ትክክለኛውን ሰዓት እየጠየቁ እንዲያስተካክሉ አድርገን ነበር። አንደኛው ግን በቅርቡ ካደስነው ወዲህ መጠየቁን ትቶ፣ ቀስ በቀስ አራት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል። የየኔታን ትኬት የመዘገበው እሱ ነው። ኋላ የቆረጡት እሳቸው ቀዳሚ መስለው ወንበሩ ከነርሷ ተወስዶ ተሰጥቷቸዋል፤ ለእሷ ግን የነገራት የለም።

ተነሳሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ፕሮግራሙን የሠራነው እኛ ነን።»

«ታዲያ ምን ይሁን? መኪናው ሞልቷል» አለ ሾፌሩ።

«የእኔን ወንበር ይውሰዱ።»

«አንቺስ ልጄ?» አሉ የኔታ።

«እኔ እዚሁ ሥራ ወጣልኝ።»

ነርሷ በሳቅ ፈረሰች፤ የኔታም ጋቢያቸውን ሰብስበው ስድስት ቁጥር ላይ ተቀመጡ።

አውቶቡሱ ሲወጣ መናኸሪያው ጥግ ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። ያቆመውን ሰዓት ማስተካከያ አስነሳሁ፤ የሦስቱንም ሰዓት ጎን ለጎን አስተያየሁ። ከእንግዲህ አንዳቸው በአንድ ሰከንድ እንኳ ቢለይ ስልኬ እንዲጮህ አደረግሁ። ከዚያ የሰሞኑን ትኬቶች አንድ በአንድ ሳገላብጥ ለከሰዓቱ መኪናም አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ተሰጥቶ አገኘሁ። ለአንደኛው ተሳፋሪ ደወልኩ። አስተማሪ ነው፤ ይቆጣል ብዬ ስፈራ፣ «ነገ ብሄድም ግድ የለም፤ እንኳን ሳልመጣ ነገርሽኝ» አለኝ።

ደብረ ታቦር ምሳ አሰናድታ የምትጠብቀኝ እህቴ ስትደውል ሦስተኛ ሻዬን ይዣለሁ።

«የት ደረስሽ?»

«መናኸሪያ።»

«እሰይ! ልምጣ ልቀበልሽ?»

«የመካነ ኢየሱሱ መናኸሪያ ነው።»