ከሲቪዬ ጋር የላክሁት ደብዳቤ

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ እንግዶች ወደ ስሜን ተራሮች መምጣት በጀመሩበት ሰሞን። ለማንም በወጉ አውርቼው አላውቅም። ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናትና ብዙ ሰው ከእኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር። እስካሁን ከውስጤ አልወጣ ያለኝም ይኸው ነው።

የዳባት ልጅ ነኝ። ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ምግብ አብሳይ ሆኜ ስሠራ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። በቅሎ ላይ ተጭኖ በሚሄድ ምድጃ፣ በንፋስና በውርጭ መሀል፣ ሾርባም ፓስታም ትኩስ ዳቦም አቀርባለሁ። እንግዳው ግን አንድ ሰሞን ይመጣል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። ስለዚህ ውጭ ሀገር ሆቴል ለመቀጠር ቆርጬ ተነሣሁ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመንኛ የሚናገሩ አራት እንግዶች ይዘን ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ሰፍረን ነበር። አስጎብኚያችን ደሴ ነው። ደሴና እኔ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተማርን ጓደኛሞች ነን፤ እሱ ጀርመንኛ ከእንግዶች ለምዶ አቀላጥፎ ይናገራል። ከእንግዶቹ አንደኛው ፂሙ የሸበተ ረጅም ሰው ነበር። ለጭላዳ ዝንጀሮዎች ዳቦ ሲወረውር አየሁት። ክልክል ነው። በእጄ ምልክት ብሰጠው አልሰማ አለኝ፤ አብሮን ለሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ለስካውቱ ነገርሁት። ስካውቱ ሰውዬውን በጓደኞቹ ፊት ተቆጣው። የሰውዬው ፊት ቀላ።

በመጨረሻው ቀን ደባርቅ ስንገባ ያው ሰውዬ ወረቀት አውጥቶ አንድ ገጽ ሙሉ በራሱ ቋንቋ ጻፈልኝ። ስሜን ከላይ አስፍሮ፣ ከታች ፈርሞ፣ ፈገግ ብሎ ጨበጠኝ። ቂም አለመያዙ ደነቀኝ።

ወረቀቱን ለደሴ ሰጠሁት። አነበበና አጥፎ መለሰልኝ።

«ምን ይላል?» አልሁት።

«ጥሩ ነው። ሲቪ ስታሠራ ከፊት አድርገው» አለኝ።

ሲቪዬን ያዘጋጀችልኝ ኮምፒውተር ቤት ያላት ስለናት ናት። ግማሽ ቀን አብረን ተቀመጥን። የት ተማርህ፣ የት ሠራህ፣ ምን ምን ቋንቋ ትችላለህ እያለች ጠየቀችኝ። ትርፍ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ ስትለኝ እንጨት እፈልጣለሁ አልኋት፤ ሳቀችና «ንባብ» ብላ ጻፈችው። ደብዳቤውን ስካን አድርጋ ከፊት አያያዘችልኝና ማስታወቂያ ላወጡ ሆቴሎች ሁሉ በኢሜይል ላክን። ዱባይም፣ ዶሃም፣ ሲሸልስም ልከናል። ከአንዱም መልስ አልመጣም። አንድ ነገር ጎድሎ ይሆናል እያልን ሲቪውን ሦስት ጊዜ አሻሻልነው። ደብዳቤውን ግን አልነካነውም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አስጎብኚዎቹ ምግብ ይዤ ብቅ ስል «እጅህን ታጥበሃል?» እያሉ ይስቁ ነበር። የፍቅር ቀልድ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ እያሳየሁ አብሬያቸው እስቃለሁ።

ከዚያ ካቻምና ከአንድ ሆቴል መልስ መጣ። በቪዲዮ ልናነጋግርህ እንፈልጋለን አሉኝ። ከወንድሜ ኮት ተዋስሁ። ስለናት ኮምፒውተሯን ለቀቀችልኝ፤ ፎቶ ኮፒ ሊያነሡ የመጡ ሦስት አራት ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል። በስክሪኑ አንዲት ሴት መጣች፤ ከጎኗ ሌሎችም ነበሩ። እንግሊዝኛ መናገሩ አያቅተኝም። ስለ ምግብ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ደብዳቤው ነው። ምን እንደሚል ታውቃለህ አለችኝ።

አዎ፣ ጎበዝ ምግብ አብሳይ እንደሆንሁ ይመሰክራል አልኋት።

ከጎኗ አንድ ሰው አፉን ያዘ። እሷ ወረቀቱን አንሥታ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች ቀስ ብላ አነበበችልኝ። «ይህን ሰው አትቅጠሩ። እጁን ሳይታጠብ ያበስላል። የእንግዳ ሻንጣ ይበረብራል። ወረቀቱ የሚለውን ስለማያውቅ ደስ እያለው ያሳያችኋል።»

እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም ማለት ፈልጌ ነበር። ሴትዮዋ ሥራ እንደሌላቸው ነገረችኝ። ደብዳቤውን በገዛ እጁ የሚልክ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማየት ያህል ነው የደወልነው አለችና አመስግና ዘጋችው። ሳቃቸውን የሰማሁት ስክሪኑ ሳይጠፋ ነው።

ስለናት መሬት መሬት ታያለች። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች እንግሊዝኛ ባይሰሙም የሆነው ገብቷቸዋል። ኮቱን አውልቄ ክንዴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። አስጎብኚዎቹ ስለ እጄ የሚጠይቁኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ መንገድ ላይ ነው።

ደሴን በማግስቱ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ አገኘሁት። እንግዶቹ ቁልቁል ፎቶ ያነሣሉ፤ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ደብዳቤውን ዘረጋሁለት። ምን እንዳመጣኝ ወዲያው አወቀ።

«ልነግርህ ነበር» አለ። «ደስ ብሎህ ሳይህ አቃተኝ። ለአስጎብኚዎቹ ልጆች ስነግራቸው ሳቁ። እነሱ ከሳቁ በኋላማ በምን አፌ ልንገርህ?»

«ከፊት አድርገው ያልኸኝስ?»

እንግዶቹ ጠሩት፤ ተነሥቶ ሄደ።

በወሩ ደብዳቤውን አውጥተን ሲቪዬን እንደገና ላክን። ሁለት ሆቴሎች መልስ ሰጡ። ሁለቱም ስምህ ከዚህ በፊት ውድቅ ከተደረጉት ጋር ተመዝግቧል የሚል ነው። ስለናት ስምህን አሳጥረን እንጻፈው አለችኝ። በገዛ ስሜ ምን አደረግሁ ብዬ እምቢ አልሁ።

ደሴ ባለፈው ዓመት ዱባይ ሄደ፤ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኗል። እናቱ እማማ ጥሩነሽ በእኛ መካከል የሆነውን አያውቁም። የሚነካ ስልክ ስለሌላቸው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ደሴ ቪዲዮ የሚደውልላቸው በእኔ ስልክ ነው። ስልኩን ከፍቼ እሰጣቸውና ወደ ውጭ እወጣለሁ። ከእሱ ጋር ሰላምታ አንለዋወጥም።

ባለፈው እሑድ ልጃቸውን አነጋግረው ሲጨርሱ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ጎኔ ተቀመጡ።

«አንተስ ልጄ፣ ሰነፍህ እንዴ? ጓደኛህ እኮ ደረሰ። መላ እንዲፈልግልህ ልንገረው?»

«አይ እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ» አልኋቸው።

«እሱ ላንተ አይጨክንም» አሉኝ።

ሰውዬውን ረስቼዋለሁ፤ መልኩም ጠፍቶብኛል። ደሴን ግን ይቅር አላልሁትም። ለእናቱ ልንገራቸው እያልሁ እሑድ በመጣ ቁጥር አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን እንደምናገረው አውቃለሁ፤ ያን ቀን እያሰብሁ ደስ የሚለኝ ጊዜ አለ። ከደረሰብኝ ሁሉ አሁን የሚያስፈራኝ ያ ደስታ ነው።