በዕጣ የገባችው ቀይ መኪና

ልጄ የፊተኛውን ወንበር ወደፊት ሲያጥፈው "ቀጭ" አለ። መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ነበርን። ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ወንበሩን አሙቃው ኖሮ የቆዳው ሽታ ፊቴን መታኝ። የበሩን ጫፍ ያዝኩ።

"እማ፣ ይቺ ባለ ሁለት በሯ ናት። ያቺኛዋ ባለ አራት በር፣ የቤተሰብ የሚሏት። እኔና ሚስቴ አልተስማማንም፣ እስቲ አንቺ ምረጪልን" አለኝ።

ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። ስድስተኛ ወሯ ነው።

እኔ ልምረጥ! ከሰው ሁሉ እኔ! "እኔን አትጠይቀኝ" አልኩትና ትቼው ወደ ግቢው በር ሄድኩ። ከኋላዬ "እማ! ምን ሆንሽ?" ይላል። ምን ብዬ ልንገረው? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያም ብዙ አልገፋሁ። አባቴ ፒያሳ ውስጥ ከአንድ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ሰዓት ይጠግን ነበር። ቤታችን እሪ በከንቱ ነው፤ አሁን ፈርሶ በላዩ ላይ ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል፣ ባልፍም የት ጋ እንደነበር መለየት አልችልም። እሑድ እሑድ ከሰዓት የአባቴ ዕቁብተኞች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ዕጣ የማወጣው እኔ ነበርኩ። ሕፃን አታዳላም ብለው ነው። ዓይኔን እጨፍንና እጄን የአባቴ ባርኔጣ ውስጥ እከታለሁ፤ ከውስጥ የፀጉር ቅባት ይሸታል። የደረሰው ሰው ግንባሬን ይስመኛል። "የዚች ልጅ እጅ ንጹሕ ናት" ይሉኝ ነበር። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

አንድ እሑድ ዕቁቡ ለአባቴ ደረሰና መኪና ልግዛ አለ። ጋራዥ ያለው ወዳጁ ሁለት ያገለገሉ መኪኖች ነበሩት፤ እኔንና እናቴን ይዞን ሄደ። አንደኛዋ ባለ አራት በር ናት፣ ቀለሟ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፣ ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ትስላለች። ሁለተኛዋ ቀይ ናት። ዝቅ ያለች፣ ኮፈኗ ረጅም፣ በሯ ሁለት ብቻ። አባቴ ገብቶ ሲያስነሳት ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። መሪውን ይዞ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

"ይቺማ የጎረምሳ ናት" አለች እናቴ።

"እኔስ ጎረምሳ አይደለሁም እንዴ?"

"ነህ። የጎረምሳ ሚስት ግን ሆዷ እንዲህ አይገፋም።"

የጋራዡ ሰዎች ሳቁ፤ አባቴም ሳቀ። ቤት ከገባን በኋላ ግን ሳቅ የለም። እናቴ ያቺን ባለ አራት በሯን ነበር የፈለገችው። "ጎረቤት ቢታመም ታደርሳለች፣ ለቅሶ ታደርሳለች፣ እኔንም ምጤ ሲመጣ ታደርሰኛለች" ትላለች። እሱ ቀይዋን አይለቅም። ሳምንቱን ሙሉ ተኮራርፈው ሰነበቱ። በመጨረሻ አባቴ "በቃ ዕጣ እንጣል፣ ልጅቷ ታውጣ" አለ። እናቴ ትንሽ አሰበችና "ዕጣ ከሆነ እሺ፤ እግዚአብሔር የሰጠኝን እቀበላለሁ" አለች።

አባቴ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ በስተጀርባው ቀስ ብዬ መጥቼ አየሁ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ "ሁለት በር" ይላል። ወረቀቱን ሲያጣጥፈው አንዷ ጫፍ እንደ ድመት ጆሮ ወጣ ብላ ቀረች። ሁለተኛውን ሳይጽፍ ሮጬ ወጣሁ።

ቀይዋን ወድጄያት ነበር። የሰፈር ልጆች በመስኮቷ አንገቴን አውጥቼ እንዲያዩኝ ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። አባቴ ባርኔጣውን ሲያቀርብልኝ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጣቶቼ ግን ያቺን ጆሮ ፈለጓት። አባቴ ገልጦ "ሁለት በር" ብሎ አነበበ። ሌላኛውን ሳይገልጠው ከሰሉ ላይ ጣለው። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ "እንግዲህ ዕጣ ነው" ብላ አማተበች።

ክረምቱ እስኪገባ ድረስ በጣም ደስ ብሎን ነበር፣ አልዋሽም። ቅዳሜ በጊዮርጊስ በኩል ወጥተን በውቤ በረሃ እንወርዳለን። ጎረምሶቹ አባቴን ለከፍ ያደርጉታል፤ "ጋሼ፣ ኋላ ያሉትን በመስኮት ነው የሚያወርዷቸው?" አባቴም "አንተን ነው በመስኮት የምጥልህ!" ይላቸዋል። እናቴ ፊት ተቀምጣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ በነጠላዋ ሥር ትስቃለች።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን መጡ፤ ብዙ ሴት ያዋለዱ ናቸው። ዳሰሷትና ፊታቸው ተለወጠ። "መቀመጥ የለባትም። ከኋላ ወንበር ታስተኟታላችሁ፣ ቶሎ በሉ!" አሉ። አባቴ መኪናዋን እስከ መግቢያው አመጣት። የፊተኛውን ወንበር አጠፈው።

"በየት በኩል ነው የምትገባው?" አሉ እትዬ።

ጎን ለጎን አዙረው ሊያስገቧት ሞከሩ፤ ሆዷ ከወንበሩ ጋር ገጠመ። ግማሽ ገብታ ምጡ ያዛት። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አትሆንም። የእርጥቡ ጭቃና የቤንዚኑ ሽታ፣ የእናቴ ጩኸት... አባቴ ወንበሩን ይነቀንቃል፤ "እምቢ አለኝ፣ እምቢ አለኝ" ይላል። እኔ ግቢው ቧንቧ ጋ ቆሜያለሁ። "ልጅቷን ከዚህ አርቋት!" አለ አንድ ሰው። የሚያርቀኝ ግን አልነበረም።

በኋላ ጎትተው አወጧት፣ ፍራሽ ላይ አስተኝተው አራት ሰዎች በአራት ጫፍ ይዘው አስፋልቱ ድረስ በእግር ወሰዷት። ከዚያ ታክሲ ተገኘ። ሕፃኗ ሴት ነበረች። አልቆየችም።

እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ አባቴ መኪናዋን ሸጧት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። እኔ አልጋው ሥር ተደብቄ ስለማልወጣ ጠራችኝና ቀኝ እጄን ይዛ ሳመችው። "ይቺ እጅ ምንም አላጠፋችም። ያወጣሽው እግዚአብሔር የሰጠሽን ነው" አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አልነገርኳትም። ያን ቀን አልነገርኳትም፣ ስዳርም አልነገርኳትም፣ ከሦስት ዓመት በፊት ስንቀብራትም በሆዴ ይዤው ነበር።

ከመኪና መሸጫው ስመለስ አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አሁን አብሮኝ ነው የሚኖረው። ሳላስበው አጠገቡ ተቀምጬ "አባባ፣ ያንን ዕጣ እኮ አይቼ ነው ያወጣሁት። ስትጽፍ አይቼሃለሁ" አልኩት።

ነጠላውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። የሰማኝም አልመሰለኝ።

"ሌላውን ብታወጪም ያው ነበር" አለ። "ሁለቱም ላይ ሁለት በር ነው የጻፍኩት።"

እንደገና እንዲለው ጠየቅኩት፤ እንደገና አለው። ይህን ሁሉ ዓመት! ልጆቼ በታመሙ ቁጥር ቅጣቴ መጣ እያልኩ፣ የራሴን እጅ እየፈራሁ የኖርኩት! "ለምን?" አልኩት፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል።

"ቀይዋን ወደድኳት። እናትሽ እኔን እምቢ ትላለች፤ ዕጣውን ግን እምቢ አትልም።"

ልጮህበት ነበር። እውነቴን ነው፣ ሽማግሌ ነው ሳልል ልጮህበት ነበር። እሱ ግን ቀጠለ።

"ልትሞት ሰሞን ይቅርታ ጠየቀችኝ።"

"ማን? እማዬ? አንተን?"

"እኔን። 'ዕጣውን በአፌ እሺ ብዬ በልቤ አጉረምርሜበት ነበር፤ ፈጣሪ ልጃችንን የወሰዳት በኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ' አለችኝ።"

"አንተስ ምን አልካት?"

ወደ እኔ አልዞረም።

"ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት" አለኝ።